ባለ ቀይ ነጥቡ ብርጭቆ

«ባለ ቀዩን አትንኪ ብዬሻለሁ አይደል?» አለች ብዙወርቅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሰውን የሚገድለው ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ጮክ ብላ ብትለው ኖሮ ሰይፈሥላሴ የጠዋት ንዴት ነው ብሎ ባለፈው ነበር። እሱ በዚያ ሰዓት መታጠቢያ ቤት ቆሞ ከጀሪካኑ በጣሳ እየቀዳ ፊቱን ይለቃለቃል። የገላን ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ስሙ ግድግዳ ሆነ እንጂ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚያሰኝ ነው። ጣሳውን አስቀምጦ ጆሮውን አቆመ። የአራት ዓመቷ እድላዊት «ለምን?» አለች። እናቷ «የጋሽዬ ስለሆነ» አለቻት። ልጅቷም «ለምን የእሱ ብቻ ሆነ?» ብላ ጠየቀች። የዕቃ መደርደሪያው መዝጊያ ገጭ ሲል ብቻ ተሰማ።

ነጥቧን መጀመሪያ ያያት ጊዜ የፋብሪካ ምልክት መስላው ነበር። ብርጭቆው ቂጥ ላይ ያለች የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር ናት። በጥፍሩ ፋቅ ቢያደርጋት የጥፍር ቀለም ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ተከፈተ። ሻይ በመጣ ቁጥር ለእሱ የሚመጣው በዚያው ብርጭቆ ነው። ሳህኑም ጠርዙ የተሸረፈው ሳህን ነው። ሁለቱም ከሌላው ዕቃ ተለይተው መጨረሻ ላይ ይታጠባሉ፣ ታጥበውም የፈላ ውሃ ይደፋባቸዋል። «እንዲህ ያደረግነው ለዚህ ነው» ያለው ሰው የለም። በፋብሪካ ደሞዙ ያስተማረው፣ ዛሬ ቢሮ ውሎ የሚገባው ታናሽ ወንድሙ፣ የብዙወርቅ ባል ታደሰ እንኳ አጠገቡ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ሻዩን ይጠጣል እንጂ ስለ ብርጭቆው ተንፍሶ አያውቅም። ሰይፈሥላሴም አልጠየቀም። የሚጠይቅ ሰው መልሱን የማያውቅ ነው፤ እሱ ያውቀዋል። መልሱን በታደሰ ሠርግ ላይ በሩ አጠገብ፣ ከሾፌሮቹ ጋር ሲያስቀምጡት ሰምቶታል። በእድላዊት ክርስትና ዕለት «የታደሰ ዘመድ ናቸው» ብለው ሲያስተዋውቁት ሰምቶታል። ወንድም ማለት እንዲህ የሚከብድ ቃል ነው ወይ? ውለታ ሊረሳ ይችል ይሆናል፤ ንቀት ግን ከእሱ ዘንድ ተረስቶ አያውቅም፤ በየዓመቱ አቧራው እየተራገፈ የሚቀመጥ ዕቃው ነው።

እዚህ ቤት የገባው በሐምሌ ነው። አቃቂ ከተማ ተከራይቶ ይኖርበት የነበረው ሰፈር ለመንገድ ሲፈርስ ታደሰ መጥቶ «ጋሼ፣ ለጊዜው እኛ ጋ ሁን» አለው። ለጊዜው የምትለዋ ቃልም ተመዝግባለች። ፍራሹን የልጅቷ ክፍል ውስጥ፣ ከትንሿ አልጋዋ ትይዩ ዘረጉለት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የመስኮቱ ብረት ደግሞ ከሥራው የተወላገደ ስለሆነ የጥቅምት ነፋስ ሲጀምር ከአቃቂ ሜዳ የተነሳው ብርድ ሁሉ በዚያች ስንጥቅ ተሰብስቦ ይገባል። ሰይፈሥላሴ ዕድሜውን በሽመና ክፍል የጨረሰ ሰው ነው፤ ጨርቅ ያውቃል። አሮጌ አንሶላ በቀጭኑ ቀዶ፣ ጠፍሮና ጠቅልሎ፣ ስንጥቁን ከታች እስከ ላይ ጠቀጠቀው፤ ከላይ በላስቲክ ሸፈነው። ትንፋሽ የምታህል አየር እንኳ አታልፍም። ብዙወርቅ ገብታ እጇን በጠርዙ ላይ አሳለፈችና «ወይ ጋሽ ሰይፉ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ልጄን ከብርድ አዳኑልኝ» አለች። በዚያ ቤት ከአፏ የወጣለት ምስጋና ያ ብቻ ነው። እሷ ረስታው ይሆናል፤ እሱ ግን አልረሳውም።

ሳሉ ከመስከረም ጀምሮ ነው። መጀመሪያ የጥጥ ብናኝ ነው አለ፤ የፋብሪካ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ቀጥሎ ብርድ ነው አለ። የሌሊት ላብ ሲጨመርበት አንድ የግል ክሊኒክ ሄዶ ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ ተባለ። በዚህ ከተማ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይኖርበት የወጣ ሰው መቼም አልታየም። ክኒኑን ዋጠ፤ ሳሉ ግን ክኒኑን አልሰማም። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ፣ ከዚያም ሌላ ቀዳዳ ሲያጥር ለማንም ሳይናገር አቃቂ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ሰጠ። ውጤቱ ዛሬ ነው። ለቤቱ ሰው ግን የጡረታ ጉዳይ አለብኝ ነው ያለው።

ልብሱን ለብሶ ሲወጣ ብዙወርቅ ሳሎን ውስጥ ልጅቷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዛሬም ከሥራ ቀርታለች። የልጅቷ ትኩሳት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቶንሲል ነው ተብሎ ሽሮፕ ታዞላት ጠርሙሱ አልቋል። ከላይኛው ፎቅ ጨው ልትበደር የወረደችው ጎረቤት ማርቲ በሩ ላይ ቆማ የልጅቷን ቀሚስ እያየች «ይሄ ያምናው የልደቷ አይደል እንዴ?» ስትል ብዙወርቅ ሳቅ አለችና ያምናው ዘንድሮም ልኳ ነው፣ እንዲህ ያለችዋን ቆጣቢ ማን ይሰጥሻል ብላ መለሰችላት። ሁለቱም ሳቁ። ሰይፈሥላሴ በመካከላቸው አልፎ «ደህና ዋሉ» አለ። እድላዊት ከእናቷ ጉያ ሆና እጇን አውለበለበችለት። በዚያ ቤት ብርጭቆ የማትለይ እሷ ብቻ ናት።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ሕዝቡ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል። አንዲት ወጣት ነርስ ግድግዳው ላይ የሥዕል ሰሌዳ ሰቅላ የጠዋት ትምህርት ትሰጣለች። ትናንት የተወለደች ልጅ ነች ብሎ ፊቱን ሊያዞር ነበር። ሳይንስ የሚባል ነገር ድሮም ከእሱ ጋር አልተስማማም፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ የሣለውን አሜባ ለክፍሉ ሁሉ አሳይቶ «ይሄ እንቁላል ጥብስ ነው» ብሎ ስቆበታል። ያም ሳቅ አለ፣ አልጠፋም። ግን ተራ የሚጠብቅ ሰው ጆሮውን የት ይወስደዋል?

ነርሷ የምትለው ይህ ነው፦ በሽታ አምጪ ተህዋሲ በዓይን አይታይም፤ ግን ሁሉም የራሱ በር አለው። ኮሌራ በውሃ ይገባል። ታይፎይድ ባልታጠበ እጅና በተበከለ ምግብ ይገባል። ወባ ትንኝ ላይ ተሳፍራ፣ ታይፈስ ደግሞ ቅማል ላይ ተሳፍሮ ይመጣል። አንዱ ባክቴሪያ ነው፣ ሌላው ቫይረስ ነው፤ ለአንዱ የተሠራ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ጉንፋን በያዛችሁ ቁጥር ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አትዋጡ። የአንዱን በር በሌላው ቁልፍ ልትዘጉ አትሞክሩ።

ከፊት የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ያጣፉ አንዲት ሴትዮ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ምችስ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ሕዝቡ ሳቀ። ነርሷ ግን አልሳቀችም፤ ከንፈር ላይ ለሚወጣው ቁስል ከሆነ ቫይረስ ነው፣ ከሰው ወደ ሰው በንክኪ ይገባና ሰውነት ውስጥ ይተኛል፤ ፀሐይና ድካም ይቀሰቅሰዋል እንጂ አይወልደውም አለች። ሴትዮዋ አልረኩም። «ብርድስ?» አሉ። «ብርድ ተህዋሲ አይደለም እናቴ» አለች ነርሷ። «እንዲያውም ንጹሕ አየር ሲገባ ተህዋሲው ይበተናል። ብርድ ገባ ብለን መስኮት የምንዘጋው እኛ ነን።» አግዳሚው ላይ ማጉረምረም ተነሳ። ብርድን ከበሽታ ተርታ ሰርዞ ማውጣት በአንድ ጠዋት የሚሆን ነገር አይደለም። ሰይፈሥላሴም በሆዱ፣ አንቺ ገላን ላይ ሳታድሪ ነው እንዲህ የምትይው አለ።

የቲቢው ክፍል ከግቢው ጫፍ ለብቻው ነው። መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ መቀመጫውም ደጅ፣ ዛፍ ሥር ነው። እዚያ አንድ ረጅም ሰው ማስክ አድርጎ ተቀምጧል። ጂራታ ይባላል፤ አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፋብሪካ ቆሞበት፣ እሱ የዚያው ፋብሪካ ዘበኛ ነው። ይህን ራሱ ነው የነገረው፣ ሳይጠየቅ፤ የሚያስቅ ነገር እንደሚያወራ ሰው እየሳቀ። መድኃኒቱን ለመጨረስ ተቃርቧል፣ ሥጋም ተመልሶለታል። ሰይፈሥላሴን ከላይ እስከ ታች አየውና «አዲስ ነህ?» አለው።

«ውጤት ልቀበል ነው።»

«አይዞህ። ሽንትህ ቀይ ሲሆን ደም ነው ብለህ እንዳትሮጥ፣ መድኃኒቱ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ሚስቴን ጠርቼ ተናዝዣለሁ።» ጂራታ ራሱ ሳቀና ሳሉ አቋረጠው። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ብርጭቆ ለዩብህ?» አለ።

ሰይፈሥላሴ ቀና አለ። ይህን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል ብሎ አስቦ አያውቅም። «ነጥብ አድርገውበታል» አለ።

«የኔዎቹ ብርጭቆ ብቻ አይደለም፤ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ጠረጴዛ ሁሉ ለየብቻ። እንደ ሙሽራ ነው የከረምኩት! የዚህ ክፍል ነርስ፣ ሲስተር ዳሲቱ፣ መጥታ እስክትነግራቸው ድረስ። ብርጭቆ ምንም አያደርግም።»

«ምንም አያደርግም?»

«ምንም። ጠይቃት።»

ሰይፈሥላሴ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲሞቀው ተሰማው፤ ደስታ ነው ቢባልም ያስኬዳል። ወራት ሙሉ የተሸከመው ንቀት፣ ንቀት ለመሆኑ አሁን የመንግሥት ማረጋገጫ አገኘ። ቤት ሲገባ የሚለውን እዚያው ዛፍ ሥር ማርቀቅ ጀመረ። ጂራታ ፊቱን አይቶ የገባው ይመስላል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለ፣ ማስኩን እያስተካከለ። «ተወው ወንድሜ፣ ሳሉ ይበቃሃል።»

ሲስተር ዳሲቱ ጎልማሳ ናት፣ ፈጣንም ዝግተኛም ያልሆነች። ጠረጴዛዋ ክፍት መስኮቱ ሥር ስለሆነ ሹራብ ደርባለች። አስቀመጠችውና ሳታዞር ነገረችው፤ አክታው ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ ተገኝቷል፣ ቲቢ ነው። ይድናል፤ መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ግን ወራት ይወስዳል፣ ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥም። ባክቴሪያው በትር የመሰለ፣ ከአቧራ ብናኝ ያነሰ ነገር ነው አለችው። ሰው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲስቅ ጭምር ይወጣና አየር ላይ ይንሳፈፋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ነፋስ ካገኘው ይበተናል፣ ፀሐይ ካገኘው ይሞታል።

«ብርጭቆስ?» አለ ሰይፈሥላሴ። ከዚህ ሁሉ የጠየቀው ይህንን ብቻ ነው።

«በብርጭቆ አይተላለፍም። በሳህንም፣ በመጨባበጥም። በትንፋሽ ነው። የሚኖሩት ከማን ጋር ነው አባቴ?»

«ከወንድሜ ጋር። ከሚስቱም።»

«ልጅ አለ?»

«አለች። አራት ዓመቷ ነው።»

«የት ነው የምትተኛው?»

ሰይፈሥላሴ ወደ መስኮቱ አየ። መጋረጃው በነፋሱ ይነሳል፣ ይወድቃል። «ከኔ ጋር» አለ። «አንድ ክፍል ነን።»

ሲስተር ዳሲቱ የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች። ልጅቷ ትስላለች ወይ፣ ታተኩሳለች ወይ፣ ትበላለች ወይ ብላ ጠየቀችው፤ እሱም የሚያውቀውን መለሰ። ክብደቷ ይጨምራል ወይ ስትለው ግን ስለ ክብደት እንደማያውቅ ነግሯት፣ ዝም ከማለት ብሎ፣ ጠዋት የሰማውን «ያምናው ቀሚሷ ዘንድሮም ልኳ ነው» አላት። በፈገግታ ነው ያለው፤ ብዙወርቅ እንዳለችው አድርጎ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ክፍሏ ውስጥ ሲቆም ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሲስተር ዳሲቱ አልሳቀችም። እሱም ፈገግታውን የሚያደርግበት ጠፋው።

ነገ ጠዋት አምጧት አለችው። ሁሉም ይመርመሩ፣ ልጅቷ ግን ትቅደም። ትንንሽ ልጆች ላይ ሲሆን ይበረታል፣ ከሳንባ አልፎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ትድናለች። ባይገኝባትም መከላከያ ትወስዳለች። ከዚያ ስልክ ላድርግላቸው ወይስ እርስዎ ይነግሯቸዋል ብላ ጠየቀችው። «እኔው እነግራቸዋለሁ» አለ። ክኒኖቹን ፊቷ አስዋጠችው፤ ማስክም ሰጠችው፤ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ መስኮት ያስከፍቱ አለችው። መስኮቱን ማን እንደዘጋው አልጠየቀችውም። እሱም አልነገራትም።

ከግቢው ሲወጣ ማስኩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ሰው እያየው ነው። በአቃቂ ዋና መንገድ ላይ ባጃጆቹ እንደ ንብ ይተራመሳሉ፤ ብርቱካን የሚሸጡት ጋሪያቸውን እየገፉ ዋጋ ይጠራሉ። ዝም ብሎ ተራመደ። ሐሳቡ ሁለት መንገድ ይዞ ነበር የሚሄደው። በአንዱ መንገድ ቤት ገብቶ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ብዙወርቅን፣ የተማርሽው ሴትዮ፣ በሽታ በብርጭቆ ይተላለፋል ያለሽ ማነው ይላታል። ንግግሩ አምሮለት ነበር። ችግሩ፣ ንግግሩ ጭራ ነበረው። «በብርጭቆ ካልሆነ በምንድነው?» ብትለውስ? እዚያ ሲደርስ ንግግሩ ይሰናከላል። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምረዋል፣ እንደገና እዚያው ሲደርስ ይሰናከላል። ከብርጭቆው ነጻ የሚያወጣው ቃል ተመልሶ እሱኑ የሚያስረው ነው።

ሁለተኛው መንገድ መጥፋት ነው። አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ የጭቃ ክፍል አይጠፋም። ልብሱን በፌስታል ይዞ ይወጣል፤ «ክፍል አገኘሁ» ይላል። ባይፈልጉትም «ምነው ጋሼ» ይላሉ፤ ደግ ሰዎች እንደሆኑ ይሰማቸዋል፤ ነጥቧም የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ነክቷት ትለቃለች። የልጅቷን ሕመም ደግሞ ይኸው ቶንሲል ነው ያላት ሐኪም አንድ ቀን ይደርስበት የለ። አንድ ቀን። ይህቺን ቃል አላመናትም። ታደሰ «ለጊዜው» ያላትን ትመስላለች።

ወደ ገላን የሚሄደው ታክሲ ሞልቷል፣ መስኮቶቹም ሁሉ ተዘግተዋል። መስኮት አጠገብ ደረሰው። ትንሽ እንደሄዱ ጉሮሮውን ሲበላው መስታወቱን አንድ ክንድ ያህል ገፋው። ነፋሱ ገባ። ከፊቱ ልጇን ደረቷ ላይ ያቀፈች ወጣት ሴት ዞር ብላ «አባባ፣ ይዝጉልኝ እባክዎ፤ ልጅ ይዣለሁ» አለችው። ረዳቱም «ፋዘር፣ ዝጋው በቃ፣ ሰው በረደው» አለ። ልጅ ስለያዝሽ እኮ ነው የከፈትኩት ሊል አፉን ከፈተ፤ ያን ካለ ግን የቀረውንም ማለት ሊኖርበት ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ትከሻ በላይ ሆኖ ትክ ብሎ ያየዋል። ሰይፈሥላሴ ኪሱ ገብቶ ማስኩን አወጣና አደረገው። «ወራጅ አለ» አለ። ረዳቱ ገና አልደረስክም ቢለውም ወረደ። የቀረውን መንገድ በእግሩ፣ በሜዳው ነፋስ ውስጥ፣ እየቆመ እየሳለ ሄደው። ይህንን ነፋስ ዕድሜውን ሙሉ ጠላቴ ነው ብሎ አስቦት ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ በሩን ሲከፍት ያየው ነገር ባለበት አቆመው። ብዙወርቅ ልጅቷን የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ከንፈሯን በሎሚ ቁራጭ ታሻታለች። ልጅቷ ትጮኻለች። ጠረጴዛው ላይ ባለ ቀይ ነጥቡ ብርጭቆ ተቀምጧል፤ ሥሩ ላይ ወተት ቀርቶበታል። ብዙወርቅ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ፊቷ ሲቀላ አየው። ሎሚው ከእጇ ወደቀ።

«በእርስዎ ብርጭቆ ጠጣች» አለች።

ይኸው ተባለ። ወራት ሙሉ ሲጠብቀው የነበረው ቃል በፊቱ፣ ጮክ ብሎ ተነገረ። አሁን የእሱ ተራ ነው፤ ንግግሩም ተዘጋጅቷል። ልጅቷ በእጇ ጀርባ አፏን እየጠረገች፣ በሎሚው ከንፈሯ ተቃጥሎ፣ «ጋሽዬ፣ አማረኝ እኮ ነው» አለችው፤ ባለ ቀዩ ማለቷ ነው። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ በልኩ ተቀምጧል። ሰይፈሥላሴ ከበሩ አልራቀም፣ ማስኩንም አላወለቀም።

«ተያት» አለ። «በብርጭቆ አይተላለፍም።»

«ምኑ?»

«ቲቢ ነው ያለብኝ። ጡረታ ብዬ የሄድኩት ጤና ጣቢያ ነው። ዛሬ ነገሩኝ፣ መድኃኒቱንም ጀምሬአለሁ።»

ብዙወርቅ ልጅቷን አንስታ ታቀፈቻት። አልጮኸችም። የሚፈራትን ጥያቄ ልክ እሱ እንደገመተው አድርጋ ጠየቀችው። «በብርጭቆ ካልሆነ በምንድነው?»

«በትንፋሽ» አለ ሰይፈሥላሴ። «መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ። እኔ በዘጋሁት።»

ከላይ ፎቅ ሰው ዕቃ ሲጎትት ይሰማል፤ ከታች አንድ ባጃጅ ይነሳል፣ ይጠፋል። የብዙወርቅ እጅ የልጅቷን ቀሚስ ጠርዝ ይዞ ወደ ታች ሳብ ሳብ ያደርገዋል፤ ሊረዝም ይችል እንደሆነ እንደሚሞክር። «ቀሚሷ…» አለች፣ አልጨረሰችውም። እሱም እንድትጨርሰው አልፈለገም። ነገ በጠዋት ልጅቷ ትቅደም ተብሏል አላት፤ ቶሎ ከታየ ትድናለች ብለውኛል አላት። አንቺም፣ ታደሰም፣ ሁላችሁም አላት። ብርጭቆውን በሚመለከት የተዘጋጀው ንግግር የት እንደገባ እንጃ፤ ቢፈልገውም አላገኘው።

ብዙወርቅ ልጅቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ወደ ክፍሉ ገባች። ላስቲኩ ሲቀደድ ተሰማ። ቀጥሎ ጨርቁን ስትጎትት፣ ስትጎትት፣ ሲያቅታት፣ ስታቃስት ሰማት። ሰይፈሥላሴ በሩ ላይ ሄዶ ቆመ። ከላይ ይዛ ነው የምትጎትተው፤ ጨርቁ ደግሞ እየተበጠሰ በጣቶቿ ቀርቷል። «ከታች ነው የሚጀምረው» አላት። «ከታች በስተግራ ጫፉን ፈልጊው። እሱን ካገኘሽ ሌላው ራሱ ይመጣል።» ፈለገችው፣ አላገኘችውም። ገብቶ ተንበረከከና ጫፉን አውጥቶ ሰጣት። እሷ ትስባለች፣ እሱ ይፈታል። አንዱ ጥቅል ሌላውን እየተከተለ ወጣ። እንዲህ ጥሩ አድርጎ የሠራው ሥራ ዕድሜውን ሙሉ አልነበረውም፤ ሲፈርስ ደግሞ ምንም ጊዜ አልፈጀም። ብረቱን ሁለቱም ተጋግዘው ሲገፉት ሲጥ ሲጥ ብሎ ተከፈተ። የታኅሣሥ ነፋስ ገብቶ የልጅቷን አልጋ ልብስ አነሳው።

ታደሰ አመሻሽ ላይ ሲመጣ ጋቢውን ለብሶ በረንዳው በር ሥር የተቀመጠ ወንድሙን፣ መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ የተከፈተ ቤትም አገኘ። «ምንድነው ይሄ ብርድ?» አለ። ብዙወርቅ ወደ ማጀት አልጠራችውም፣ ድምጿንም ዝቅ አላደረገችም። ሳሎኑ መሃል ቆማ፣ ሰይፈሥላሴ እየሰማ፣ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ነገ ሁላችንም ጤና ጣቢያ ነን አለችው። ታደሰ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠ። ወንድሙን ሊያየው ቀና አለና ብርጭቆው ላይ ዓይኑ አረፈ፤ እዚያው ቆየ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ። ሰይፈሥላሴ እጁን አወዛወዘለት፤ ይቅር ማለቱ ይሁን ዝም በል ማለቱ ራሱም አልለየውም። ታደሰ የልጅቷ ክፍል ገብቶ ፍራሹን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ አመጣና በረንዳው በር አጠገብ አነጠፈለት። የቢሮ ሸሚዙ በአቧራ ነጣ። ይህም ይመዘገባል እንግዲህ፤ መዝገቡ ግን የንቀት ብቻ ስለነበረ የት ላይ እንደሚያሰፍረው ግራ ገባው።

ብዙወርቅ ሻይ ቀዳች። ልጅቷ ባለ ቀዩን ስጡኝ ብላ ስታለቅስ ስለዋለች ብዙወርቅ ብርጭቆውን አንስታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወተት ሞላችበትና ሰጠቻት። «የጋሽዬ ነበር» አለች እድላዊት ለአባቷ፣ በሁለት እጇ ይዛው። «አሁን የኔ ነው።» ለሰይፈሥላሴ ከሌሎቹ ጋር የተደረደረ ብርጭቆ መጣለት። ከልማዱ የተነሳ ከፍ አድርጎ ቂጡን አየ። ምንም የለበትም። ይህን ብርጭቆ ስንት ጊዜ አስቦት ነበር፤ የመጣ ቀን ምን ብሎ እንደሚቀበለው፣ እንዴት አድርጎ እንደሚጠጣው። ሻይ ነው። ስኳሩ ትንሽ በዝቷል።

ከልጅቷ ክፍል የተነሳው ነፋስ መዝጊያውን ገፍቶ፣ ወለሉን ጠርጎ፣ እግሩ ላይ ደረሰ። ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበው። «ዝጉት» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች። ከሻዩ ጋር ዋጣት።